የኋላ ደረጃው መስኮት

ፓርክዴል ያለው የምኖርበት ፎቅ መስኮቱ ከአንድ መዳፍ በላይ አይከፈትም። ልጅ እንዳይወድቅ ነው ይላሉ። እኔ ቤት ልጅ የለም፤ ያለነው ስልሳ የተጠጋች ሴትና ሁለት የአበባ ማሰሮ ነን። ሕግ ግን ሕግ ነውና አንድ ቀን ሠራተኛ ልከው መስኮቱን በብረት አስረውት ሄዱ። ስለዚህ ንፋስ ሲያምረኝ አፍንጫዬን ወደ ክፍተቷ አስጠግቼ፣ ከታች የሚያልፈውን የጎዳና ባቡር እየሰማሁ እቆማለሁ።

ባለፈው እሁድ እንደዚያ እንደቆምኩ ሊዲያ መጣች። ሊዲያ የክርስትና ልጄ ናት። እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ አሁን ሕንፃ የሚነድፉ ሰዎች ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛዋ እንደኔ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም ይገባታል፣ ሲወጣ ግን ይሰባበራል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን ዓይኔ ሥር አመጣችው።

«ሙሉዬ፣ ሉክ! ትናንት ከፍሬንዶቼ ጋር ሮድ ትሪፕ አድርገን ነበር። ወደ ሳውዝ፣ ሐይቁ ጋ። ዚስ ሃውስ ኢዝ ሶ ኦልድ!»

መነጽሬን ፈልጌ አየሁ። ቀይ ጡብ ቤት ነው። ከፊቱ የእንጨት በረንዳ፣ ከጣሪያው ጥግ ሹል ማማ፣ ከጎኑ ደግሞ ቀይና አረንጓዴና ወርቅማ መስታወት የተገጣጠመበት ረጅም መስኮት። ከዚያ ሁሉ ቀለም መሃል አንዲት ቁራጭ ብቻ ቀለም የላትም። እንደ ማንኛውም የመስኮት መስታወት ንጹህ ናት።

«እሷን አየሻት?» አለች ሊዲያ ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ። «ቤቱን የምታስጎበኘው ጋይድ ምን አለች መሰለሽ? ድሮ አንድ የመርከበኛ ሚስት ነበረች። ሀዝባንዷ ሲመጣ ከሩቅ ለማየት ያንን አንዱን ክሊር አስደረገችው። ኢዝንት ዛት ሶ ሳድ?»

ሳቅ አፈነኝ። የመርከበኛ ሚስት! ያቺን መስታወት የሰበርኳት እኔ ነኝ። የሰበርኳትም ይህችን ፊቴ ቆማ የምታዝነዋን ልጅ ለማቀፍ ስል ነው። እናቷም እኔም አንነግራትም ማለታችን አልነበረም፤ እንዲሁ ሳይነሳ ቀረ። ተቀመጪ አልኳት። ተቀመጠች።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ስፖንሰር አድርጎ አመጣኝና እሱ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ሥራ ፍለጋ ወደ አልበርታ ሄደ። የቀረሁት ከሰናይት ጋር ነው፤ ሰናይት የሊዲያ እናት። ባሏ ለሥራ ሲወጣ ሲገባ፣ እሷ ነፍሰ ጡር፣ እኔ ሥራ ፈት፣ ሦስታችን እዚሁ ፓርክዴል አንድ ምድር ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛ የሚያገናኝ ቢሮ ደወለልኝ። አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አብሯቸው የሚያድር ሰው ይፈልጋሉ፤ ምግብ ማብሰል፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ እንዳይወድቁ ማየት። ቦታው ከቶሮንቶ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነው። ሰናይት የሆዷን ግራና ቀኝ ይዛ፣ «ሂጂ ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ» አለችኝ። «ሴት ከወለድኩ ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ።» ቃል ገባሁ። ማይልኝ ብትለኝም እምል ነበር።

መንገዱ መጀመሪያ ፋብሪካና መጋዘን ነው። ከዚያ የታጨደ የበቆሎ እርሻ ይመጣል፤ አገዳው ከበረዶው በላይ ሲታይ ያልተላጨ አገጭ ይመስላል። በመጨረሻ ከተማዋ። አንድ ዋና መንገድ፣ ባለ ሰዓት የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ፣ ቆርቆሮ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ በየዛፉ ሥር የተሰለፉ የጡብ ቤቶች። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ማን እንደሠራው የሚናገር የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፏል። እንደገባኝ በዚያች ከተማ የሚከበረው ሰው ሳይሆን ቤት ነው። ሰው ሲታመም ሐኪም ይጠራል፤ ቤት ሲታመም ግን ኮሚቴ ይሰበሰባል። የጥንት ቅርስ ነውና ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የበር እጀታ እንኳ አይቀየርም።

የእኔ አሮጊት ሚስ ኢዲት ይባላሉ። «ኢዲት በዪኝ» ብለውኝ ነበር፤ አፌ እንዴት ይታዘዘኝ? በእንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለ ሚስ የምትለዋን ቃል እንደ አንቱ ቆጥሬ አስቀደምኳት። ቀጭን፣ ንጹህ፣ ጆሯቸው የደከመ ሴት ነበሩ። የተወለዱት እዚያው ቤት ነው፤ አላገቡም፣ ከዚያም ቤት ወጥተው ሌላ ቦታ አልኖሩም።

ቤቱ ሁለት ደረጃ ነበረው። የፊተኛው ሰፊ፣ መደገፊያው በወይን ሐረግ የተቀረጸ፣ ሙሽራ ብትወርድበት የሚያምር። የኋለኛው ከማድ ቤት ተነስቶ ወደ ላይ የሚጣመም ጠባብና ዳገታም ነው። ድሮ ገረዶች ይወጡበት ነበር፤ የእኔም መኝታ ከዚያ ደረጃ ጫፍ ላይ ነው። ከላይ ወደ ባለቤቶቹ ክፍሎች የሚያሻግረው በር ከብዙ ዘመን በፊት በቁም ሳጥን ተዘግቷል። ከታች ማድ ቤቱ ጋ ያለው በር ደግሞ በወፍራም አረንጓዴ ጨርቅ ተለብጧል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ የገረዶች ጫጫታ ወደ ሳሎን እንዳይሰማ ነው ተባልኩ። ያ የቀለም መስኮት ያለው እንግዲህ በዚህ ደረጃ መሃል ላይ ነው። እንዲህ ያለ ውብ ነገር ለገረድ ደረጃ መሠራቱ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። የተሠራው በመንገድ ለሚያልፈው ነው። ከውስጥ ላለ ሰው በእሱ በኩል ምንም አይታይም፤ እጅሽ ቀይ ይሆናል፣ ቀሚስሽ አረንጓዴ ይሆናል፣ በቃ።

ሌሎቹም መስኮቶች ቢሆኑ ከዓመት ዓመት ቀለም ሲደራረብባቸው ተጣብቀው አይከፈቱም። ውጭ በረዶ፣ ውስጥ የማሞቂያው ትኩስ አየርና የተቀቀለ ድንች ሽታ። አበሻ የለም። አውቶቡስ በሳምንት ውስጥ አልፎ አልፎ ያልፋል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ጭራሽ የለም። ከቶሮንቶ ይዤው የሄድኩትን በርበሬ አንድ ቀን ድንቹ ላይ ነስንሼ ሚስ ኢዲት እስኪጨርሱ ድረስ አስነጠሳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ብልቃጡን ክፍሌ ውስጥ ደብቄ አሸተው ጀመር። ሰው በርበሬ እያሸተተ ያለቅሳል? እኔ አልቅሻለሁ።

ከዚያ ቤት መውጫ በር ግን ነበረኝ፤ የዘጋሁትም እኔው ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግላስ የሚባል የሚስ ኢዲት የወንድም ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቶሮንቶ በመኪና እየመጣ አስቤዛ ያመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይመለሳል። መልካም ሰው ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮቱን እየለበሰ፣ «ከእኔ ጋር ቶሮንቶ መሄድ ትፈልጊያለሽ? እሁድ ማታ እመልስሻለሁ። ጎረቤታችን እዚህ ታድራለች» አለኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ «ግድ የለም፣ አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ» አለ። አገር ያወቀው ነገር ነው፤ አንዴ የጠየቀ ገና አልጠየቀም። ሁለተኛ «ኧረ በእግዜር» ይላል፣ ሦስተኛ እጅሽን ይጎትታል፣ ያኔ «እንግዲህ ካላችሁ» ብለሽ ትነሻለሽ። ጓንቴን ኪሴ ውስጥ አዘጋጅቼ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ዳግላስ «ኦኬ!» ብሎ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ጠየቀኝ። እኔም ግድ የለም አልኩ፤ በመጀመሪያው ጥሪ ዘልዬ ብነሳ ምን ይለኛል? እሱም ኦኬ አለ። እንዲህ እየተባባልን ጥቂት ቅዳሜዎች ካለፉ በኋላ፣ ይህች ልጅ እዚሁ ተመችቷታል ብሎ መሰለኝ፣ ጨርሶ መጠየቁን ተወ። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ። እኔ ግን በዚያ የበረዶ ወራት ዝም ብዬ ነቀዝኩ። ወደ ሳሎን ስገባ ሰዓቱ፣ ወደ ማድ ቤት ስወጣ ምድጃው፣ ወደ ክፍሌ ስወጣ ያ የማይከፈት መስኮት። አንዳንዴ የደረጃውን ግድግዳ በሁለት ክንዴ ገፋ አደርገው ነበር፤ ቢሰፋ ብዬ።

ሰናይት ወለደች። ሴት! ክርስትናው የተቆረጠው የሰማንያ ቀኗ እሁድ ላይ ነው። ስልክ ስንነጋገር ጉዴን ነገርኳት።

«እና አንቺ ኖ ትይዋለሽ?» ጮኸችብኝ።

«ሁለተኛ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ!»

«ሙሉ፣ ስሚኝ። ፈረንጅ አንዴ ነው የሚጠይቅ። ኖ ካልሽው ኖ ነው፣ ተገላገለ!»

«እንዴት አድርጌ ታዲያ በመጀመሪያው እሺ እላለሁ? ስግብግብ አልመስልም?»

«ምሰይ!» አለች። «ልጄን ሌላ ሴት አቅፋት ብታዪ ይሻልሻል? ቄሱን ለምኜ ቀኑን ማዛወር አልችልም። ከቀረሽ የባሌ ዘመድ አለች፣ እሷ ትነሳለች። እኔ ግን አንቺን ነው የምፈልገው።» ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወት ፊት እየቆምኩ «ወደ ቶሮንቶ ልትወስደኝ ትችላለህ?» የምትለዋን አረፍተ ነገር ማጥናት ጀመርኩ። የአምስት ዓመት ሕፃን የሚላት ነገር ናት። በመስታወት ፊት አሳምሬ እላታለሁ።

ቅዳሜው ደረሰ። ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ዳግላስ ማድ ቤት ተቀምጦ ያክስቱን የፖም ፓይ ይበላል። እኔ ሻይ ቀዳሁለት። አረፍተ ነገሯ ከጉሮሮዬ ስትደርስ ተመለሰች። ምን ይደረግ፣ ሰው በአፉ ካልለመነ በወሬ ዙሪያ ይሄዳልና፣ በዙሪያ ሄድኩ።

«ነገ ጓደኛዬ ልጇን ታስጠምቃለች» አልኩ።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለና ጎረሰ።

«የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ።»

«እንኳን ደስ አለሽ!»

«በጠዋት ነው። ቶሮንቶ።»

«ነገ አየሩ ጥሩ ነው ብለዋል» አለ ዳግላስ፣ ከልቡ ደስ ብሎት።

አበሻ ቢሆን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ መኪናውን አስነስቶ ነበር። ተናደድኩ፤ በእሱም፣ በእኔም፣ ባሳደጉኝም። አንድ ሐሳብ ብቻ ቀረኝ። ነጭ የሐበሻ ቀሚሴን ልልበስ፣ ነጠላዬን ላጣፋ፣ ቦርሳዬን ልያዝና ፊቱ ልቁም። አፌ ያልተናገረውን ልብሴ ይናገርልኛል። በኋላ ደረጃው እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ለበስኩ፤ ወረድኩ። የአረንጓዴውን በር እጀታ ስይዘው እጄ ውስጥ ቀረ።

ያች ነጭ የሸክላ እጀታ ከመጣሁ ጀምሮ ትወላገዳለች። አዲስ እንዳይደረግ ኮሚቴው በዚያው ዘመን የተሠራ እጀታ እስኪገኝ ጠብቁ ብሏል። እየጠበቅን ነበር። አሁን ብረቷ በወዲያ በኩል ማድ ቤቱ ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁት፤ በሩ ተቆለፈብኝ። ደበደብኩ። ያ ወፍራም ጨርቅ ጡጫዬን እንደ ትራስ ዋጠው። ሚስ ኢዲት ሳሎን ናቸው፣ ጆሯቸውም ደካማ ነው። ተጣራሁ። ከወዲያ በኩል የወንበር መጎተት፣ ከዚያ የፊት ለፊቱ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ዳግላስ ወጥቷል። ከላይ ቁም ሳጥን፣ ከታች ጨርቅ፣ መሃል እኔ በነጭ ቀሚስ። ያን ደረጃ ስንት ገረድ እንደወጣችው አላውቅም፣ ማንም እንዳይሰማት ታስቦ እንደተሠራ ግን ያኔ በአጥንቴ ገባኝ።

የመኪናው ሞተር ተነሳ። ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ድምፁ ቅርብ ነው፤ አላየውም። ፊቴ ያለው ቀይና አረንጓዴ ብቻ ነው። ሰናይት ልጇን ለሌላ ሴት ስታቀብል ታየችኝ። ነጠላዬን እጄ ላይ ጠቀለልኩና በዚያችው የሸክላ እጀታ መታሁት።

አንዲት ቁራጭ መስታወት ረግፋ ወደ ውጭ ወደቀች። ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ሲመታኝ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነፈስኩ መሰለኝ። አፌን ወደ ቀዳዳው አስጠግቼ ጮህኩ፤

«የስ! የስ ፕሊዝ! እሺ! እሄዳለሁ!»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኼ ነው። ዳግላስ መኪናውን አጥፍቶ ወጣ፤ አንጋጦ አየኝ።

«የስ ምን?»

«የስ ቶሮንቶ!»

በሩን ከወዲያ በኩል በፒንሳ ከፈተልኝ። ስወጣ ፊቱ ቀልቷል። መስታወቱ በመርከብ ተጭኖ የመጣ እንደሆነ፣ አሁን እንዲህ ያለ የሚሠራ ሰው እንደሌለ፣ ኮሚቴው ምን እንደሚል ይደረድራል። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ሚስ ኢዲት በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። በአጠገባችን አልፈው ያን ጠባብ ደረጃ መውጣት ጀመሩ። እንዳይወድቁ ከኋላ ተከተልኳቸው።

«ይህን ደረጃ ወጥቼው አላውቅም» አሉ እያለከለኩ። «ልጅ ሳለሁ አባቴ ከለከለኝ። ካደግሁ በኋላ ደግሞ ምን ሥራ አለኝ?»

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ። ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ሐይቁ ይታያል» አሉ። «ዕድሜዬን ሁሉ እዚህ ኖሬ፣ ከዚህ ቤት ሐይቁ እንደሚታይ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ዞረው ነጩን ቀሚሴን አዩ፣ የሚደማውን ጣቴን አዩ። «መሄድ ከፈለግሽ ለምን አልነገርሽንም?»

«ሁለተኛ እስክጠየቅ እየጠበቅኩ ነበር» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። እጄን ያዙኝ።

«እኔንም አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር» አሉ። «አብረን እንሂድ ብሎ። አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ አልኩት። ጨዋ ሰው ነበር። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።»

ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ዳግላስ ጮኹ፤ ሴትየዋ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። «ዳግላስ! ጎረቤታችንን ጥራልኝ። ልጅቷን አሁኑኑ ይዘሃት ሂድ!»

በማግስቱ ጠዋት ሊዲያን ከቄሱ እጅ ተቀበልኩ። እንደ ዳቦ ትሞቅ ነበር። ማተቧ ሲታሰር በፋሻ የተጠቀለለ ጣቴን በጡጫዋ ጨብጣ አለቅም አለች። ጾም ስለነበረ ድግሱ ሽሮና ስንግ ነው፤ ያን ያህል የጣፈጠ ሽሮ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አልበላሁም። ሰናይት ስታጎርሰኝ አንዴ እንኳ በቃኝ አላልኩም።

እሁድ ማታ ተመለስኩ። እስከ በጋው ድረስም እዚያው ሠራሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዳግላስ አፉን ሳይከፍት እኔ ኮቴን ለብሼ እጠብቀዋለሁ። እሱ ቀዳዳውን በካርቶን ሸፈነው፤ ሚስ ኢዲት አነሱት። በኋላ ተራ መስታወት አስገቡበት። ኮሚቴው ሲመጣ፣ «እኔ እስክሞት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ተሰብሰቡ» ብለው አሰናበቱት። ደረጃው መሃል አነስተኛ ወንበር አስቀምጬላቸው ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው ሐይቁን ያዩ ነበር። ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው። ኮሚቴው ነገሩን ረስቶ የመርከበኛ ሚስት ፈጠረ እንግዲህ።

ሊዲያ ይህን ሁሉ ስትሰማ አመሸች ልበል፤ ሻይዋ ቀዝቅዞ ቀረ።

«ሙሉዬ፣ ሹድ አይ ቴል ዘም?»

«ተያቸው» አልኳት። «ሐይቁን የምታይ ሴት ነበረች ማለታቸው መቼ ውሸት ሆነ?»

ኮቷን አነሳች። «ቅዳሜ መኪናው አለኝ። ልውሰድሽ? ዱ ዩ ዋንት ቱ ሲ ኢት?»

«ግድ የለም የኔ ልጅ» አልኩ። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ትደክሚያለሽ።»

«ኦኬ» አለች። ሳመችኝ፤ በሩን ዘግታ ወጣች።

መሃል ሳሎን ቆሜ ቀረሁ። ማን ነው አሁን የተናገረው? ያን መስታወት ከሰበርኩ ጀምሮ ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ስኮራ ኖሬያለሁ። ለካ ሰው አንዴ ሰብሮ አይገላገልም፤ እየቆየ መልሶ ይገጠምበታል። ሚስ ኢዲት ትዝ አሉኝ፤ ያ ጨዋ ሰው ሲሄድ በየትኛው መስኮት አዩት ይሆን? አንድ መዳፍ ብቻ የሚከፈተውን መስኮቴን አየሁ። ከዚያ በነጠላ ጫማ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ።

«ሊዲያ! የስ! እሄዳለሁ!»

አልወረደችም። አሳንሰሩ ተከፍቶ አንድ እግሯን በሩ መሃል አድርጋ ቆማለች፤ በሩ ሊዘጋ ይመጣና እግሯን ነክቶ ይመለሳል።

«አይ ኖው» አለችኝ እየሳቀች። «ማሚ ነግራኛለች። ‹ሙሉ ግድ የለም ካለችሽ ቶሎ አትሂጂ፣ ትንሽ ቁሚ› ብላኛለች።»